ከወፎች መጠለያ በቀቀን ከመውሰዳችሁ በፊት የኔን ስሙ

የምጽፈው ስለ አመዴ ነው። ግን ከቁንጮ ካልጀመርኩ ነገሩ አይገባችሁም።

ቁንጮ የመጀመሪያ ወፌ ነበር። ኮካቲየል ነው፤ አናቱ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ላባ ያለችው ትንሽ የበቀቀን ወገን። 6 ዓመት አብረን ኖርን። አንድ ጠዋት ምግብ የማይዝ መጥበሻ ምድጃ ላይ ጣድኩ። ስልክ ተደወለና ወሬው ያዘኝ። መጥበሻው ባዶውን ጋለ። ጭስ አላየሁም፤ ሽታውም ያን ያህል አልነበረም። ቁንጮ በሚቀጥለው ክፍል ከማረፊያ እንጨቱ ወደቀ። ሮጬ ሳነሳው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ገና ከቤት ሳልወጣ እቅፌ ውስጥ ሞተ።

ምክንያቱን የነገረኝ የእንስሳት ሐኪሙ ነው። መጥበሻው ላይ የሚቀባው ነገር፣ በተለምዶ ቴፍሎን የምንለው፣ ከልክ በላይ ሲግል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሰው ላይ ጉንፋን የሚመስል ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ወፍን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የወፍ አተነፋፈስ ከኛ ይለያል። የኛ አየር በገባበት ይወጣል። የወፍ ሰውነት ውስጥ ግን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ አየሩም በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። ለመብረር የሚበቃውን ኦክስጅን የሚያገኘው እንዲህ ነው። መርዙንም የሚስበው በዚያው ብርታት ነው።

ወፍ ያላችሁ ሰዎች፣ ዛሬውኑ ኩሽናችሁን ፈትሹ። መጥበሻ ብቻ አይደለም። አንዳንድ የካውያ ስር፣ አንዳንድ የክፍል ማሞቂያ፣ አንዳንድ የኬክ መጋገሪያም ይሄው ቅብ አላቸው። «እሳቱን ዝቅ አድርጌ እጠቀምበታለሁ» አትበሉ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶው የሽቦ ቤት ከክፍሌ አልወጣም። ልጥለውም አልቻልኩም፣ ላየውም አልቻልኩም። በመጨረሻ «ለሌላ ወፍ ይጥቀም» ብዬ ወደ አንድ የወፎች መጠለያ ይዤው ሄድኩ። ወፍ የመውሰድ ሐሳብ አልነበረኝም። ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው።

በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ ጩኸት ነው። ትልልቅ ማካዎች፣ ነጫጭ ኮካቱዎች፣ አረንጓዴ አማዞኖች፣ ሁሉም የበቀቀን ዓይነቶች፣ በአንድ ላይ። መጠለያውን የሚመሩት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ጎጆውን ተቀበሉኝና «ነይ፣ ላስጎብኝሽ» አሉኝ። ብዙዎቹ ወፎች እዚያ የመጡት ስለታመሙ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ባለቤቱ ቤት ቀየረ። ልጅ ተወለደ። ጎረቤት በጩኸቱ ተማረረ። ወፉ ነከሰ። ወይም ባለቤቱ ሞተ፤ ወፉ ግን ገና ግማሽ ዕድሜው ላይ ነው።

የመጀመሪያ ስህተቴን የሠራሁት እዚያው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ወደ ሚያምረው ሄድኩ። ሰማያዊና ቢጫ ማካው ነበር። ጠጋ ብዬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጣቴን በሽቦው አሾለክሁ። ነከሰኝ። ደም በደም ሆንኩ። ሴትየዋ ጣቴን እያጠቡልኝ «እሱ በሩን ነው የጠበቀው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የማያውቀው ሰው ቤቱ ገብቶበታል። እባካችሁ መጠለያ ስትሄዱ እጃችሁን ወደ ማንም ወፍ ጎጆ አታስገቡ። የለመደ ቢመስልም፣ አንገቱን ሰብሮ «እከኪኝ» ቢልም። መጀመሪያ የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ።

አመዴን ያየሁት ጣቴን አስሬ ልወጣ ስል ነው። ጥግ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ነው። ጅራቱ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሌላው አካሉ አመድ ይመስላል፤ ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። ዞር ሲል ግን ደነገጥኩ። ደረቱ ላይ ላባ የለም። ቆዳው ራቁቱን ይታያል። ራሱና አንገቱ ላይ ያለው ላባ ግን ሙሉ ነው። «የሚነጨው ራሱ ነው» አሉኝ ሴትየዋ። «ምንቃሩ የማይደርስበት ቦታ ብቻ ተረፈ።»

19 ዓመቱ ነበር። 14ቱን ዓመት ከአንድ አዛውንት ጋር ኖሯል። እሳቸው ሲሞቱ ዘመድ ወሰደው። ከዘመድ ወደ ሌላ ቤት፣ ከዚያ ወደ መጠለያው። ላባውን መንጨት የጀመረው አዛውንቱ ከሞቱ በኋላ ነው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ሰምቼ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። «ይናገራል?»

ሴትየዋ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ መጀመሪያ ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ወፉን መልሶ ያመጣልኛል» አሉኝ። አፈርኩ። የጠየቅኩበት ምክንያት ነበረኝ። ስለ አሌክስ አንብቤ ነበር። አሌክስ አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል ተመራማሪ በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገዝታ፣ በ2007 እስኪሞት ድረስ ያስተማረችው ግራጫ በቀቀን ነው። ቀለምና ቅርጽ ይለይ ነበር፤ ይቆጥር ነበር። እኔ ከዚህ የወሰድኩት «ግራጫ በቀቀን ያወራል» የሚለውን ብቻ ነው። መውሰድ የነበረብኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ አእምሮ ያለው ፍጥረት ያለ ሥራና ያለ ወዳጅ ሽቦ ውስጥ ሲዘጋበት ምን ይሆናል? መልሱ ፊቴ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሴትየዋ ወንበር ሰጡኝና ከአመዴ ጎጆ ራቅ አድርገው በጎን አስቀመጡኝ። «አትይው» አሉኝ። በቀቀን ታዳኝ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ጎንና ጎን የተቀመጡት ዙሪያውን እንዲጠብቅ ነው። ሁለት ዓይን ተክሎ በቀጥታ የሚያየው አዳኝ ነው። ስለዚህ ጎኔን ሰጥቼ መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት። ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ቀን አንገቱን አዞረ። በሦስተኛው ቀን ዝግ ባለ ድምፅ ሳነብለት በማረፊያ እንጨቱ ላይ በጎን በጎን እየተራመደ ጠጋ አለ። በአራተኛው ዋልነት የሚባለውን ፍሬ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ ጣለው። በአምስተኛው ቀን በምንቃሩ ተቀብሎ በእግሩ ያዘውና በላው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሴትየዋ ግን «ወደደሽ ማለት አይደለም፤ መፍራቱን ቀነሰ ማለት ነው» አሉኝ። ይህቺ አባባል በኋላ ብዙ ጊዜ አዳነችኝ።

መጠለያው ወፉን ቶሎ አይሰጥም ነበር። ሳምንታት አስጠበቁኝ፤ ቤቴንም መጥተው አዩ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን እላችኋለሁ፣ በመጀመሪያው ቀን «ውሰዱት» ከሚላችሁ ቦታ ተጠንቀቁ። ስትጠይቁም ስለ ንግግሩ ሳይሆን ስለ ኑሮው ጠይቁ። ምን ይበላል? ስንት ሰዓት ይተኛል? ምን ያስፈራዋል? ማንን ነክሷል፣ ምን ሲደረግ? ክብደቱ ስንት ነው? የወፎች በሽታ ምርመራ ተደርጎለታል? በተለይ ሲታኮሲስ የሚባለው ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ ሳንባ ሊያጠቃ ይችላል። ወፍ እያላችሁ ትኩሳትና ሳል ከያዛችሁ «ቤቴ ወፍ አለ» ብላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሌላ ወፍ ቤት ካላችሁ ደግሞ አዲሱን ቢያንስ ለ30 ቀን በተለየ ክፍል አቆዩት።

ወረቀቱንም ጠይቁ። ግራጫ በቀቀኖች ለንግድ ከጫካ በብዛት እየተያዙ ቁጥራቸው ስለተመናመነ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉባኤ ከፍተኛ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት ዝርዝር ገብተዋል። ከጫካ የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ተከልክሏል። አንዳንድ ወፎች እግራቸው ላይ መገጣጠሚያ የሌለው ድፍን ቀለበት አላቸው። ያ ቀለበት የሚገባው ጫጩት እያለ፣ እግሩ ሳይጠነክር ነው፤ ስለዚህ በሰው እጅ እንደተፈለፈለ ያሳያል። የአመዴ እግር ላይ ምንም የለም። ከየት እንደመጣ ዛሬም አላውቅም። አንዳንዴ ጫካ ያውቅ ይሆን እላለሁ።

ቤት ያመጣሁት ቀን ብዙ ነገር አበላሸሁ። ጓደኞቼ ሊያዩት መጡ። ጎጆውን ሳሎኑ መሃል፣ ከአራቱም አቅጣጫ ሰው በሚያልፍበት አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ወፍ ጀርባውን የሚሰጠው ግድግዳ ይፈልጋል። በማግስቱ ደግሞ ምግቡን በአንዴ ቀየርኩ። የለመደው ሱፍ ብቻ ነበር። ሱፍ ስብ ይበዛዋል፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ኤ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ይህን አንብቤ ስለነበር ሱፉን አንስቼ ፔሌትና አትክልት አደረግኩለት። ፔሌት ለወፍ ተመጥኖ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ነው። «ሲርበው ይበላል» አልኩ።

አይበላም። በቀቀን የማያውቀውን ነገር ምግብ ነው ብሎ ላይቀበል ይችላል፤ ሳህኑ ሞልቶ ይራባል። የዳነው ሚዛን ስለነበረኝ ብቻ ነው። የመጣ ቀን 462 ግራም ነበር። በ9ኛው ቀን 421 ሆነ። ሲታይ ግን ምንም አልከሳም፤ ላባው ይደብቀዋል። ሐኪሙ ጋ ስደውል «ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ አደጋ ነው፤ አሁኑኑ ሱፉን መልሺለት» አለኝ። መለስኩለት። ከዚያ አዲሱን ምግብ በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀልኩ አስለመድኩት። አራት ወር ፈጀ። የቀየረው ሳህኑ አልነበረም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ካሮትና ስኳር ድንች እኔው ስበላ ያየኝ ነበር። አንድ ቀን እጁን፣ እግሩን ማለቴ ነው፣ ዘረጋ።

ስለዚህ ከጎጆው በፊት በግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን ይኑራችሁ። ጠዋት ጠዋት፣ ሳይበላ መዝኑትና ጻፉት። በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል፤ ጫካ ውስጥ የደከመ ወፍ ቀድሞ የአዳኝ ሲሳይ ይሆናልና። ማረፊያው ላይ ላባውን ነፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ወይም ጎጆው ወለል ላይ ሲቀመጥ ካያችሁት ብዙ ዘግይታችኋል። ሚዛኑ ቀድሞ ይናገራል። በነገራችን ላይ አቮካዶና ቸኮሌት ለበቀቀን መርዝ ናቸው። ትንሽም አታቅምሱት።

ስለ መንከስ ላውራ፤ ብዙ ሰው ወፉን የሚመልሰው በዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እጆቼ ቁስል በቁስል ነበሩ። ሲነክሰኝ እጮሃለሁ፣ እጄን እነጥቃለሁ፣ እሄዳለሁ። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አመዴ የፈለገው እንድሄድ ነው። ሲነክሰኝ እሄዳለሁ። መንከስን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከመንከሱ በፊት ደግሞ በትህትና ነግሮኛል፤ እኔ አልሰማሁትም። የዓይኑ ብሌን ጠበብ ሰፋ፣ ጠበብ ሰፋ ይላል። የማጅራቱ ላባ ይቆማል። ጅራቱ ይዘረጋል። ገላውን ወደ ኋላ ያሸሻል። እነዚህ ሁሉ «አይሆንም» ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ። እጄን እዘረጋለሁ፤ ወደ ኋላ ካለ እተወዋለሁ። አንድ ጊዜም አላስገድደውም። በቀጭን እንጨት ጫፍ ማስለመድ ጀመርኩ። የእንጨቱን ጫፍ በምንቃሩ ሲነካ ወዲያው የዋልነት ፍርፋሪ። እንጨቱን ትንሽ አርቄ፣ እሱ ትንሽ ተራምዶ፣ እንደገና ፍርፋሪ። በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ። በስድስት ሳምንት ውስጥ እጄ ላይ ራሱ ወጣ። «አይሆንም» ሲል እንደሚሰማ ካወቀ በኋላ መንከስ አላስፈለገውም።

ለነጨው ላባ ግን አቋራጭ የለም። መጀመሪያ ሐኪም አየው፤ የቆዳ በሽታ፣ ጥገኛ ነፍሳት፣ ጉበት፣ ከዚንክ የሚመጣ መመረዝ፣ ሁሉም ላባ ሊያስነጭ ይችላል። የአመዴ ሰውነት ንጹሕ ነበር። የጎደለው ሥራ ነው። በዱር የሚኖር በቀቀን ከቀኑ ብዙውን የሚያጠፋው ምግብ ፍለጋ ነው። እኔ ቤት ሳህኑ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሳህኑን ተውኩና ምግቡን በወረቀት እየጠቀለልኩ፣ በካርቶን እየደበቅኩ መስጠት ጀመርኩ። ካርቶኑን ይቦጫጭቃል፣ ለስላሳ እንጨት ይሰባብራል፣ ቤቱ ቆሻሻ በቆሻሻ ይሆናል። የተቀደደውን ወረቀት ስጠርግ ይህ ሁሉ ደረቱ ላይ ሊያልፍ ይችል እንደነበር አስባለሁ። በዚያ ላይ እንቅልፍ። ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ አጠገቤ አስቀምጠው ነበር። በቀቀን በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋል። ወደ ሌላ ክፍል ካዛወርኩት በኋላ የጠዋት ቁጡነቱ ቀነሰ።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት አመዴ ሳለ። ከባድ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ማብቂያው ላይ የሚያፏጭ ሳል። ቁንጮ ፊቴ ላይ መጣ። በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ሐኪም በረርኩ። በፎጣ ስትይዙ ደረቱን አትጫኑ። ወፍ የኛ ዓይነት ድያፍራም የለውም፤ የሚተነፍሰው ደረቱን በማንቀሳቀስ ነው። ደረቱን ጨምቆ መያዝ ማፈን ነው።

ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አዳመጠው። አፍንጫውን አየ፣ ጅራቱን አየ። የመተንፈስ ችግር ያለበት ወፍ በተነፈሰ ቁጥር ጅራቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አፉን ይከፍታል። አመዴ ምንም የለበትም። «ከማን ጋር ይኖር ነበር?» አለኝ። መጠለያው ደወልኩ። ሴትየዋ ትንሽ ዝም ብለው «አዛውንቱ የሞቱት በሳንባ ሕመም ነው» አሉኝ።

መናገር ይችል እንደሆነ የጠየቅኩት ወፍ የመጀመሪያ ንግግሩ የሰውየው ሳል ነበር። ቤት መጥቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሲስል ዝም ብዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ያ ሁሉ ሆኖ ትልቁ ስህተቴ ገና ነበር። በስድስተኛው ወር ተቀራረብን። ትከሻዬ ላይ ይቀመጣል፤ ጀርባውን፣ ክንፉ ስር ሁሉ እዳብሰዋለሁ። ደስ ስላለው ደስ አለኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ጨለማ ጥግ አግኝቶ መግባት ሲጀምርም «ቤቱን ለመደ» ብዬ ተውኩት። አንድ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ስከፍት ሸሚዜ ላይ ነጭ እንቁላል አለ።

19 ዓመት ሙሉ «እሱ» የተባለው አመዴ ሴት ናት። ግራጫ በቀቀን ወንዱና ሴቷ በዓይን አይለዩም፤ የሚለየው በደም ወይም በላባ የዘረመል ምርመራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነው የምላት። ምላሴ ብዙ ጊዜ ስቶብኛል። ስሟን ግን አልቀየርኩም፤ የምታውቀው እሱን ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሁለተኛ እንቁላል ጣለች። በዚያው ማታ ከማረፊያዋ ወደቀች። ክንፎቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ እግሯ መያዝ አቃተው። ሌሊቱን ድንገተኛ ሕክምና ወሰድኳት። ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም አልቋል። የእንቁላሉ ቅርፊት የተሠራው ከሱ ነው። ግራጫ በቀቀኖች ደግሞ የደም ካልሲየም ማነስ በተለይ ያጠቃቸዋል። ካልሲየም በመርፌ ተሰጣትና ዳነች። ጥቂት ሰዓት ብዘገይ ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር።

ሐኪሙ ጥፋቴን አንድ በአንድ ነገረኝ። በቀቀንን መዳበስ ራሱና አንገቱ ላይ ብቻ ነው። ጀርባና ክንፍ ስር መንካት ለወፉ የጓደኛ ሳይሆን የተጓዳኝ ንክኪ ነው። ጨለማ ጥግ ደግሞ እንቁላል መጣያ ጎጆ ነው። እኔ ሳላውቅ ሁለቱን አሟልቼ «እንቁላል ጣይ» ብያታለሁ። ሌላም ነበር። ጠዋት ጠዋት መስኮት አጠገብ አስቀምጣት ስለነበር ፀሐይ ታገኛለች ብዬ አምን ነበር። የመስኮት መስታወት ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ያስቀራል። ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የበላችው ካልሲየም ሰውነቷ ላይ አይውልም። አሁን ለወፍ የተሠራ መብራት አላት፤ አየሩ ጥሩ ሲሆን ደግሞ በጎጆዋ ሆና ደጅ ትሞቃለች።

እንቁላሎቹን ወዲያው አላነሳሁም። ከተነሱባት ለመተካት ሌላ ልትጥል ትችላለች። አንድ ወር ገደማ ተቀምጣባቸው ራሷ ተወቻቸው። ቁም ሳጥኑን ቆለፍኩ። ጀርባዋን መዳበስ ማቆም ግን ለኔም ለሷም ከባድ ነበር። ክንፏን እያንቀጠቀጠች ስትለምነኝ እምቢ ማለት ልብ ይበላል። ቻሉት።

አሁን ሦስት ዓመት ሆነን። ደረቷ ግማሹ በለስላሳ ላባ ተሸፍኗል። የግራ ጎኗ አልበቀለም፤ የላባው መውጫ ተጎድቷል፣ ከእንግዲህም አይበቅልም። መጀመሪያ ላይ ይህ ያሳዝነኝ ነበር። እንግዶች ሲመጡም ደረቷን ቀድመው ነው የሚያዩት። እሷ ግን በራቁት ደረቷ ትዘፍናለች፣ ካርቶን ታፈርሳለች፣ በቀን አንዴ ውሃ ውስጥ ትንቦጫረቃለች።

አንድ ነገር ጽፌ አስቀምጫለሁ። ግራጫ በቀቀን በደንብ ከተያዘ 40፣ 50 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራል። አመዴ 22 ዓመቷ ነው። እኔ ብቀድማት ማን እንደሚወስዳት፣ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደምትፈራ በወረቀት አለ። ሊወስዳት የተስማማው ሰውም በየወሩ እየመጣ በጎን ተቀምጦ ያነባል። እናንተም ወፉን ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን ሰው ፈልጉ። ካላገኛችሁ መጠለያውን «እኔ ባልኖር መልሳችሁ ትቀበሉታላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስፈርሙ።

የመጀመሪያ ቃሏን የተናገረችው በ11ኛው ወር ነው። መጠበቄን ትቼ ነበር። ወረቀት እየቀደድኩላት ሳለ ያቺን የአዛውንቱን ሳል ሳለች። ትንሽ ቆየችና በሌላ ድምፅ፣ ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ «ይማርህ» አለች። እዚያ ቤት አንዲት ሴት ነበረች ማለት ነው። ሰውየው ሲስሉ ከሌላ ክፍል «ይማርህ» የምትላቸው። ማን እንደነበረች መጠለያውም አያውቅም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሚዛኑን ሳወጣ ራሷ ትወጣበታለች። ዛሬ 458 ግራም ናት። ጽፌ ሳበቃ ሳለችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ይማርሽ» አልኳት። ዋልነቷን ተቀብላ በእግሯ ያዘች።